ከመሪ ኋላ በስኪ ለምትጓዙ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በበረዶ ግግር በተሸፈኑ ተራሮች ላይ በስኪ፣ ማለትም ጫማ ላይ በሚታሰር ረጅም የበረዶ መንሸራተቻ፣ ለቀናት መጓዝ የምትመኙ ወጣቶች ምክር ስትጠይቁኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምታነሱት የጫማና የስኪ ነገር ነው። ከንቱ ጥያቄ አይደለም፤ ተረከዝ የሚልጥ ጫማ ጉዞውን በሁለተኛው ቀን ይጨርሰዋል። እምብዛም የማትጠይቁኝ ግን «መሪያችንን በረዶ ቢውጠውስ?» የሚለውን ነው። ዕድሜዬን በተራራ መሪነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝና እዚህ ላይ ልቆይ።

መሪ ከፊት ይሄዳል። በግግሩ ላይ ያለን ስንጥቅ አዲስ በረዶ ከሸፈነው ከሜዳው አይለይም፤ ስንጥቁን የሸፈነውን ያንን ስስ የበረዶ ድልድይ መጀመሪያ የሚረግጠው መሪው ነው። አጠራጣሪ ቁልቁለትም ሲያጋጥም ቀድሞ የሚገባበት እሱ ነው። እንግዲህ የተቀበረው እሱ ከሆነ ፈልጎ የሚያወጣው ማነው? ገንዘብ ከፍላችሁ የመጣችሁት እናንተ ናችሁ።

ጊዜው ደግሞ አይታገስም። የበረዶ ናዳ ሙሉ በሙሉ ከቀበራቸው ሰዎች መካከል በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ውስጥ የሚወጡት አብዛኞቹ ይተርፋሉ፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ የሚተርፉት ጥቂቶች ናቸው። ከብርዱ ይልቅ የሚገድለው የአየር እጦት ነው። ሄሊኮፕተር የቱንም ያህል ቢፈጥን በዚህች ጊዜ ውስጥ አጠገባችሁ ይደርሳል ብላችሁ አትቁጠሩ።

በ457 ኪሎኸርዝ የሬዲዮ ምልክት የሚልከውና የሚቀበለው የናዳ መፈለጊያ፣ በረዶ ውስጥ እየወጉ የተቀበረን ሰው የሚፈልጉበት ተጣጣፊው መመርመሪያ ዘንግና አካፋው በእያንዳንዳችሁ ዘንድ መኖር አለባቸው። መፈለጊያውን ከሰውነታችሁ ጋር እሰሩት፤ ስልካችሁን ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር፣ በፍለጋ ጊዜ ደግሞ 50 ሴንቲሜትር አርቁት፤ አለበለዚያ ምልክቱን ያውካል። መፈለጊያውን የሚለማመድ ብዙ ነው፤ አካፋውን የሚለማመድ ግን አላየሁም ማለት ይቻላል። ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ የሚበላው ግን ቁፋሮው ነው! ናዳ ሲቆም በረዶው ይጠነክራል። ዘንጉ የተቀበረውን ሰው ከነካ በኋላ እዚያው አናቱ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች አትቆፍሩ፤ ትንሽ ወደ ቁልቁለቱ ወርዳችሁ ወደ ጎን ግቡ፣ ከኋላ ያሉት በረዶውን ያስወግዱ፣ ፊት ያለው ሲደክም ቶሎ ተቀያየሩ። ይህን ከጉዞው በፊት በአንድ ከሰዓት ሜዳ ላይ ሞክሩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ግግሩ ላይ ገመድ ባትተሳሰሩም እንኳ የመወጣጫ ቀበቶውን ከወገባችሁ አትፍቱ፤ ስንጥቅ ውስጥ የወደቀን ሰው ቀበቶ አስሮ ከተገኘ ማውጣት እጅግ ይቀላል። መሪው በሄደበት ዱካ ሂዱ፣ ሲቆም ዙሪያውን አትክበቡት፣ ለፎቶ ብላችሁ ስኪ አታውልቁ። ስኪ ክብደታችሁን በሰፊው ያከፋፍላል፤ በእግር ሲረግጡት ግን ስስ ድልድይ ይደረመሳል። (በነገራችን ላይ፣ ለመውጣት ከስኪው ሥር የምትለጥፉትን ቆዳ በብርድ ቀን ጃኬታችሁ ውስጥ ያዙት፤ ሙጫው ከቀዘቀዘ አይይዝም።)

ከፈረንሳይዋ ሻሞኒ እስከ ስዊዘርላንዷ ዘርማት የሚዘልቀው ዝነኛው መንገድ ብዙዎቻችሁ የምታልሙት ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 መጨረሻ እዚያው መስመር ላይ፣ ከቪኜት ማረፊያ ጎጆ ብዙም ሳይርቁ፣ ማዕበል መንገድ ያሳታቸው ተጓዦች ሌሊቱን ደጅ አደሩ። 7 ሰዎች ሞቱ፤ አንዱ የቡድኑ መሪ ነበር። ይህን የማነሳው በማንም ለመፍረድ አይደለም። መንገዱ በመሪው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ እሱ ሲታጣ መንገዱም አብሮ ይጠፋል። መስመሩን በየስልካችሁ ጫኑ፣ የወረቀት ካርታ ያዙ፣ ተጨማሪ ወፍራም ጃኬትና የማደሪያ ከረጢት ከጀርባችሁ አይለይ።

ማታ ጎጆው ውስጥ ሾርባው ሲቀርብ ዝም ብላችሁ አትብሉ። በስዊዘርላንድ የናዳ ማስጠንቀቂያው በክረምት ከምሽቱ 11 ሰዓት ላይ ይወጣል፤ ከመሪው ጋር አንብቡት። የአደጋው ደረጃ ከ1 እስከ 5 ነው። 3 መሃል ላይ ስላለ ልከኛ ይመስላል እንጂ ብዙ ሰው የሚሞተው በእሱ ነው። ከዚያ «ነገ ከ30 ዲግሪ በላይ የሆነው ቁልቁለት የትኛው ነው? ስንት ሰዓት ላይ ካልደረስን እንመለሳለን?» በሉት።

ሕመማችሁንም አትደብቁ፤ ወጣት ወንዶች በዚህ ትብሳላችሁ። ያቆሰለ ጫማ ወይም የከፍታ ራስ ምታት ደብቆ የሚያዘግም አንድ ሰው ቡድኑን ሙሉ ያዘገያል፤ በጸደይ ወራት ደግሞ መዘግየት ማለት ፀሐይ ባሞቀው፣ ሊናድ በደረሰ በረዶ ሥር ማለፍ ነው። መሪው እንመለስ ካለ የከፈላችሁትን ገንዘብ እያሰላችሁ ፊት አታጥቁሩበት።

መሪ ስትመርጡ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተውን የዓለም አቀፍ የተራራ መሪዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን ዓርማ የያዘ ይሁን፤ ያ ዓርማ የዓመታት ሥልጠና ውጤት ነው። በመጀመሪያው ጠዋት፣ ስኪ ከማጥለቃችሁ በፊት፣ ሬዲዮው በየትኛው ኪሱ እንዳለ፣ እንዴት እንደሚከፈት፣ የእርዳታ ቁጥሩም ስንት እንደሆነ ጠይቁት፤ ዘርማት ባለችበት በስዊዘርላንድ ቫሌ ካንቶን (ክፍለ ግዛት) ቁጥሩ 144 ነው። ይህን መጠየቃችሁ ቅር ካሰኘው ሌላ መሪ ፈልጉ።