ድሬ በሐምሌ ያለ ኤሲ፦ ከእናቷ ጋር ቁልቢ ለምትሄደው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ያለፈው ዓመት ሐምሌ መጣብኝ። «ለቁልቢ ገብርኤል ከእናቴ ጋር ድሬዳዋ ሦስት ሌሊት ልናድር ነው፤ ኤሲ ያለው ሆቴል አቅማችን አይደለም፤ በቬንትሌተር ብቻ እንችለዋለን ወይ?» ነው ያልሽው። ትችሉታላችሁ። እኔና እናቴ ችለነዋል። የመጀመሪያዋ ሌሊት ግን እናቴን ልታሳጣኝ ነበር፤ ክፍሉን በዓይኔ ሳላይ በመክፈሌ።

1. በስልክ «ኤሲ አለ ወይ?» ብለሽ ብቻ አትዝጊ። ስንተኛ ፎቅ ነው? ከኮርኒሱ በላይ ምን አለ? መስኮቱ ወደየት ይዞራል? መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ የክፍሉን ቬንትሌተር ያዞራል ወይ? እነዚህን አንድ በአንድ ጠይቂ። እኔ አልጠየቅሁም። ልጁ «ነፋሻ ነው፣ ቪው ያለውን እሰጥሃለሁ» አለኝ፤ በበዓሉ ክፍል እንዳናጣ ብዬ የሦስት ሌሊቱን ሒሳብ ያኔውኑ በሞባይል ላክሁ።

ቪው ያለው ክፍል አራተኛ ፎቅ፣ ልክ ከቆርቆሮው ሥር ነበር። መስኮቱ ወደ ምዕራብ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ገብተን ሻንጣውን አስቀምጬ ግድግዳውን ደገፍ ስል ጀርባዬን ለበለበኝ። ቀዝቃዛውን ቧንቧ ስከፍተው ትኩስ ውሃ ወጣ፤ ሮቶው ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው ነው የሚውለው። ያኔ ነበር ሻንጣዬን አንስቼ መውጣት የነበረብኝ። «ሲመሽ ይበርዳል» ብዬ ቀረሁ። እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኛ ጋ ፀሐይ ስትጠልቅ ሙቀቱም አብሯት ይሄዳል። ድሬ ግን ከፍታዋ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ብሎኬቱና ኮንክሪቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይተፋዋል። ውጪው በርዶ እንኳ ክፍሉ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት እንደ ምጣድ ነው።

2. እናትሽ ንፋስ ትፈራለች? የእኔ በጣም ትፈራለች። ላብ ላይ ንፋስ ከመታኝ ምች ነው ባይ ናት። ገና ስንገባ መስኮቱን ዘጋች። ቬንትሌተሩንም «አጥፋው ልጄ፣ ወገቤን ይይዘኛል» አለች፤ ላለማስከፋት ብዬ አጠፋሁት። ሌሊት ሽንት ቤት ላለመመላለስ ውሃም አልጠጣችም። በዚያ ላይ የደም ግፊት አለባት፤ ከምትወስዳቸው ኪኒኖች አንዱ ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ ነው። የእናትሽም እንደዚህ ከሆነ ሳትነሱ ሐኪሟን ስለ ሙቀቱና ስለ መድኃኒቷ አማክሩ። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ።

እኩለ ሌሊት ላይ ለምኜ አስፈቅጄ ቬንትሌተሩን ከፈትኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ሰምቼ ተመስገን አልኩ። የበራው ኮሪደሩና ሪሴፕሽኑ ብቻ ነው። 8 ሰዓት ላይ እማዬ ብድግ ብላ ተቀመጠች። «ራሴን አዞረኝ፣ ልቤን ጥፍት ይለኛል» አለች። እጇ ያቃጥላል። በስልኬ መብራት ሳያት ፊቷ አመድ መስሏል። ደግፌ አራት ፎቅ በደረጃ አወረድኳት።

ዘበኛው ሽርጥ ያገለደሙ አዛውንት ነበሩ። ምንም ሳይጠይቁኝ የራሳቸውን የሽቦ አልጋ ግቢ ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አወጡላት። ነጠላዋን ባልዲ ውስጥ ነክረው፣ ጨመቅ አድርገው፣ ከአንገቷ እስከ እግሯ አለበሷት። ስኳርና ትንሽ ጨው ያለበት ውሃ በብርጭቆ እያስጎነጩ፣ በካርቶን እያራገቡላት አጠገቧ ቆዩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይታ «እፎይ» አለች። ያቺ እፎይታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች። «እኛ እኮ በሙቀት ጊዜ ቤት ውስጥ አንተኛም አቦ፣ አልጋችን ውጪ ነው የሚያድረው» አሉኝ። እግዜር ይስጣቸው። እንደዚያ ባትነቃ ኖሮ ሰዓት ሳልፈጅ ሆስፒታል መሮጥ ነበረብኝ፤ አንቺም ራሷን ከሳተች ወይም ንግግሯ ከተዘባረቀ አትጠብቂ።

የነጠላው ነገር እንዲሁ ልማድ አይደለም። የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይተናል፤ ሲተን ሙቀቱን ከገላ ይዞ ይሄዳል። ቬንትሌተር ብቻውን አየሩን አያቀዘቅዝም፣ ያለውን ነው የሚያንቀሳቅሰው። ክፍሉ ከሰውነትሽ በላይ ከሞቀ የሚነፍስብሽ ትኩስ አየር ነው። እርጥብ ነጠላ ላይ ሲነፍስ ግን እንቅልፍ ይወስድሻል።

ጠዋት የቀሪውን ሁለት ሌሊት ገንዘብ እንዲመልሱልኝ ጠየቅሁ። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል «የተከፈለ አይመለስም» አለችኝ። ሥራ አስኪያጁን አስጠራሁት። ሌሊቱን ሁሉ ነገርኩት። «ሙቀቱን እኛ አላመጣነው» አለኝ፣ እናቴ ከጎኔ ወንበር ላይ ተቀምጣ እየሰማች። የሄደው ብር ይቅር። ያቺን ንግግር ግን እስካሁን ይቅር ማለት አልቻልኩም። ስለዚህ እህቴ፣ አስቀድመሽ አንድ ሌሊት ብቻ ክፈይ። ስትደርሺ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ውስጥ ገብተሽ ግድግዳውን በመዳፍሽ ንኪው። ካቃጠለሽ ያው ነው፣ ውጪ።

3. ከዚያ በእግሬ ከዚራ ውስጥ ስዞር ዋልኩ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ሲደርስ የተቆረቆረው ሰፈር ነው፤ መንገዱ በዛፍ ጥላ የተሸፈነ ነው። አሮጌዎቹን ቤቶች የሠሯቸው ሰዎች ሙቀቱን ያውቁት ነበር፦ ግድግዳቸው ወፍራም ድንጋይ፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ በረንዳቸው ሰፊ። አንዷ ፔንሲዮን ሆናለች። ምድር ቤት፣ መስኮቱ ወደ ሰሜን፣ በራፉ ላይ ዛፍ። ኤሲ የለውም፤ ዋጋው ከዚያኛው በግማሽ ያነሰ ነው። ቀን መስኮትና መጋረጃ ዘግተን፣ ማታ ውጪው ሲበርድ ሁሉንም ከፍተን አደርን። ከ6 እስከ 10 ሰዓት እንደ ከተማው ሰው አረፍ አልን፤ ሱቁም ያኔ ይዘጋል፣ ወጥታችሁ የምታገኙት ነገር የለም። ቬንትሌተሩን ወደ እግሯ አዞርኩላት፣ እማዬም በዚያ ተስማማች። ሁለቱንም ሌሊት እስከ ንጋት ተኛች።

4. መስኮት ከከፈታችሁ አጎበር የግድ ነው። «ክረምት ነው፣ ድሬ ከተማ ናት» ብለሽ እንዳትዘናጊ። በ2014 ዓ.ም. ከተማዋ ውስጥ የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው፣ ከእስያ በኩል የመጣችው ትንኝ ከረግረግ ይልቅ ንጹሕ የተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ትፈለፈላለች፤ በርሜልና ታንከር ባለበት ግቢ ሁሉ ልትኖር ትችላለች ማለት ነው። አጎበሩን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። እኛ ያገኘነው የሆቴል አጎበር ሦስት ቦታ ተቀዶ ነበር።

እማዬ በሐምሌ 19 ስለቷን አደረሰች። ጃንጥላውን በራሷ እጅ፣ በራሷ እግር ሄዳ ነው ያስገባችው። ከዚያች ሌሊት በኋላ ይህን ማየቴ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ከድሬ የምትነሱት ሌሊት 10 ሰዓት ይሁን፣ መኪናው ይጨናነቃል። ከድሬ በላይ ያለውን የደንገጎን ዳገት ስትወጡ አየሩ በአንዴ ይለወጣል፤ ቁልቢ ደጋ ነው፣ በሐምሌ ደግሞ ዝናብ አለ። ለእናትሽ ጋቢና ወፍራም ካልሲ ከላይ በኩል፣ በቅርብ በሚገኝ ቦታ ያዢላት።