የስቱዲዮ ኃላፊ አድርገውኛል፤ ልፈርም?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ የሞባይል ጌም በሚሠራ አነስተኛ ድርጅት ተቀጥሬ እሠራለሁ። የገባሁት በአኒሜተርነት ነበር። ከአንድ ዓመት ወዲህ ከአንድ ወንድ ባልደረባዬ ጋር ቡድኑን በጋራ እንመራለን። ሥራችን አንድ ነው፤ ደመወዙ ግን ከእኔ ይበልጣል። አሁን ደግሞ «የስቱዲዮ ኃላፊ» ብለው አዲስ ውል ሰጥተውኛል። ሠራተኛ መቅጠርና ማሰናበትም የእኔ ሥልጣን ይሆናል። ውሉ «እስካሁን የሠራሁትም ወደፊት የምሠራውም ሁሉ የድርጅቱ ነው» ይላል። የጌሙን ገጸ ባሕርያት ግን የሣልኳቸው ከመቀጠሬ በፊት፣ ደብረ ማርቆስ ቤተሰቦቼ ጋ እያለሁ ነው። አባቴ «በሽምግልና ጨርሱት፣ እንጀራሽን አታበላሺ» ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ውሉን አሁን ባለበት መልኩ አይፈርሙ። ሹመቱን ግን አይግፉት።

ከጥያቄዎ በጣም ያሳሰበኝ ከደመወዙ ይልቅ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣኑ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 «የሥራ መሪ» የሚባሉትን አይሸፍንም። የሥራ መሪ ማለት የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድና የማሰናበት ሥልጣን ያለው ሰው ነው። የማዕረጉ ስም ብቻውን አይወስንም። «ኃላፊ» እየተባለ በተግባር የጌሙን ንድፍ፣ ጥራትና የጊዜ ሰሌዳ ብቻ የሚከታተል ሰው በአዋጁ ሥር ሊቆይ ይችላል። እርስዎ ግን ይህን ውል ከፈረሙ ከአዋጁ ወጥተው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የመዳኘትዎ ዕድል ሰፊ ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ያለ ሕጋዊ ምክንያት የተሰናበተ ሠራተኛ «ወደ ሥራዬ ልመለስ» ብሎ መክሰስ ይችላል። የሥራ መሪ የሚጠይቀው ካሳ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ወሊድንም ያስቡ። ሠራተኛ የሆነች ሴት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ታርፋለች። በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር፣ ሕጉ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች ውጭ ልትሰናበት አትችልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች ሙሉ ደመወዝ ያለው የወሊድ ፈቃድ እንዳላቸው ይደነግጋል። የቀኑ ብዛትና የስንብቱ ከለላ የተጻፈው ግን አዋጁ ላይ ነው። ሴት ባለሙያ ከፍ ባለች ቁጥር ጥበቃዋ ሲሳሳ ማየት በጣም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ከሁለት አንዱን ይጠይቁ። የሚፈልጉዎት ለጌሙ ሥራ ብቻ ከሆነ፣ የመቅጠርና የማሰናበቱ ሥልጣን ከውሉ ይውጣ። «አይሆንም፣ ሙሉ ኃላፊ ነሽ» ካሉ ደግሞ አዋጁ ይሰጥዎ የነበረውን በውሉ ላይ ያጽፉ፦ የወሊድ ፈቃዱን በቀን ቆጥሮ፣ የስንብት ምክንያቶችን ዘርዝሮ፣ ያለ ምክንያት ከተሰናበቱ የስንት ወር ደመወዝ እንደሚከፈልዎ በቁጥር አስቀምጦ። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። በዚህ ደረጃ የሚሾም ሰው ሁሉ ይደራደራል።

ወደ ደመወዙ ልምጣ። ሴቶች በሥራ፣ በዕድገትና በክፍያ እኩል መብት እንዳላቸው ያው አንቀጽ 35 ይናገራል። አዋጁም በክፍያ በጾታ ማዳላትን ይከለክላል። ድርጅቱ «እሱ ልምዱ ይበልጣል» ወይም «ትምህርቱ ከፍ ያለ ነው» ሊል ይችላል፤ እውነት ከሆነም ያስኬደዋል። ስለዚህ የሁለታችሁን የሥራ መደብ ደብዳቤ፣ የሥራ ዝርዝርና ሥራ የተከፋፈላችሁባቸውን መልእክቶች ከአሁኑ ይሰብስቡ።

ችግሩ የእርስዎ ድርጅት ብቻ አይደለም። ጄን ኦኒል የምትባል ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2021 ብሊዛርድ የተባለውን የአሜሪካ ጌም ድርጅት ከአንድ ወንድ ጋር በጋራ እንድትመራ ተሹማ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ለቀቀች። በወቅቱ እንደተዘገበው እኩል ክፍያ የቀረበላት መልቀቂያ ካስገባች በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ራዮት ጌምስ የተባለው ሌላ የአሜሪካ ጌም ድርጅት ሴት ሠራተኞቹ ያቀረቡበትን የአድልዎ ክስ ለመጨረስ 100 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

አሁን አስቸኳዩ ነገር። የደመወዝ ጥያቄ፣ ክፍያው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ (ሕጉ ለመክሰሻ በሰጠው የጊዜ ገደብ) ይታገዳል። የእርስዎ ልዩነት አንድ ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ወራት ሳያመልጡዎ አልቀሩም፤ ሌሎቹም በየወሩ እየተቀነሱ ነው።

አባትዎ ክፉ አልመከሩም። ጎጃም ውስጥ ብዙ ጠብ የሚበርደው ሽማግሌ ፊት ነው፤ ሥራዎን እንደያዙ መስማማት ከቻሉ ደግሞ ምን ይጠላል! ነገር ግን ሽማግሌ መቀመጡ ይርጋውን አያቆመውም። «ለዳግማዊ ትንሣኤ እንገናኝ፣ ከፍልሰታ በኋላ እናየዋለን» ሲባል ወራቱ ያልፋሉ። ድርጅቱ ዕዳውን አምኖ በጽሑፍ ከፈረመልዎ ይርጋው ይቋረጣል። ሽማግሌዎቹን መጀመሪያ ይህን እንዲያስፈርሙልዎ ይለምኗቸው። እምቢ ካለ ወደ ሥራ ክርክር ችሎት ይሂዱ። ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።

ሥዕሎቹን በተመለከተ የሚያየው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። በተቀጠሩበት ሥራ ላይ የሠሩት ነገር ኢኮኖሚያዊ መብቱ (በሥራው የመጠቀምና ገንዘብ የማግኘት መብቱ)፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው። ከመቀጠርዎ በፊት የሣሏቸው ገጸ ባሕርያት ግን የእርስዎ ናቸው። እንዲህ ያለ መብት ወደ ሌላ የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው፤ «እስካሁን የሠራሁት» የምትለዋ ሐረግ የገባችውም ለዚህ ይመስለኛል። ትውጣ። ወይም ሥዕሎቹ በስም ተዘርዝረው ዋጋ ይቆረጥላቸው። የድሮዎቹን ፋይሎች ቀናቸውን ሳይነኩ ያስቀምጡ፤ ቤተሰብ ቤት የቀረ የሥዕል ደብተር ካለም ያስመጡት።

የሥራው ደራሲ ተብሎ የመጠራት መብት ደግሞ ገንዘቡ የማንም ቢሆን ከእርስዎ ጋር ይቆያል። ስለዚህ በጌሙ ክሬዲት (የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር) ላይ ስምዎ በምን ማዕረግ እንደሚጻፍ የሚናገር አንድ መስመር ውሉ ላይ ያስጨምሩ። ነገ ሌላ ስቱዲዮ ለመምራት ሲያመለክቱ ማስረጃዎ እሱ ነው።