ጀርባቸው የጎበጠ የጋፒ ዓሣ ጫጩቶች፦ በሽታው፣ ምግቡ ወይስ ዝምድናው?

ወንድሜ፣ በ1 ወንድና በ2 ሴት የጀመርከው ጋፒ (በቤት የመስታወት ገንዳ የሚረባው ትንሽ ዓሣ) 2 ዓመት ሞልቶት አሁን ጀርባቸው የጎበጠ ጫጩቶች እየበዙ፣ የሚወለዱትም እያነሱ ስለመጡ «ሁሉንም ላስወግድ?» ብለሃል። አታስወግድ፤ መጀመሪያ መንስኤውን ለይ።

ጫጩቶቹን በነጭ ሳህን፣ ጥቂት ውኃ ውስጥ አድርገህ ከላይም ከጎንም እያቸው። አንድ ቀን ተወልደው አንድ ምግብ ከሚበሉት መካከል ጥቂቶቹ ብቻ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጎበጡ ዘሩን ጠርጥር። ቀጥ ብሎ ያደገ ትልቅ ዓሣ ሆዱ እየገባ፣ እየከሳ ከጎበጠ ግን የዓሣ ቲቢ ሊሆን ይችላል። በሽታው በቁስል በኩል ወደ ሰው ቆዳም ስለሚገባ የቆሰለ እጅ ገንዳ ውስጥ አይነከር። ከፍተህ ለወራት ያስቀመጥከው ደረቅ ምግብም ቫይታሚን ሲው ስለሚጠፋ ያጎብጣል።

ያንተ ግን ዝምድና ይመስለኛል። ሰው ሰባት ቤት ቆጥሮ ይጋባል፤ ለጋፒ ማን ይቆጥርለታል? እህትና ወንድም ሲዳቀሉ የጫጩቶቹ የዝምድና መጠን (ከእናትም ከአባትም ያንኑ የአያት ዘረመል የመውረስ ዕድላቸው) 25 በመቶ ነው፤ በተከታታይ ሲደገም በ2ኛው ትውልድ 37.5፣ በ3ኛው 50 ይደርሳል። ተደብቆ የኖረ ጉድለት የሚወጣው ያኔ ነው። የጎበጡትን ብቻ መልቀም ደግሞ አይበቃም። ጉድለቱ ከአንድ ድብቅ ዘረመል (ከእናትም ከአባትም ካልተወረሰ ከማይታይ) ከሆነ፣ ራሳቸው ቀጥ ብለው ጎባጣ ከወለዱ ወላጆች የተገኙ ቀጥ ያሉ ጫጩቶች በአማካይ ከ3ቱ 2ቱ ተሸካሚ ናቸው።

ስለዚህ አዲስ ደም ያስፈልግሃል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ከሱቅ ሴት ገዝተው ከራሳቸው ወንድ ጋር ይጨምሯታል። ሴት ጋፒ የወንድ ዘር ለወራት ስለምታከማች መጀመሪያ የምትወልደው ካልታወቀ አባት ነው። የገዛሃትን ሴት ለብቻዋ 4 ሳምንት አቆያት፤ በሽታ ካለባት ሊታይ ይችላል፣ እርጉዝ ከሆነችም በዚያው ትወልዳለች። ጫጩቶቹን ከተወለዱ ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ በየቀኑ እይ። ከሆድ ሥር እንደ ማራገቢያ የነበረው ክንፍ ሾጥጦ ስንጥር መምሰል ከጀመረ ወንድ ነው፤ ወዲያው አውጣው። አንድ ቀን ያሳለፍከው ወንድ ልፋትህን ያበላሸዋል። የምትፈልገው እናቲቱን ሳይሆን ወንድ ያልነካቸው ሴት ልጆቿን ነው፤ ለእነሱ የራስህን ቀጥ ያለና ንቁ ወንድ ስጣቸው። አዲስ ወንድ ከመግዛት ይህ የሚሻለው አብዛኛው የጋፒ የወንድ ቀለም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ በዋይ ክሮሞዞም ስለሚሄድ፣ የለመድከው ቀለም ብዙም ስለማይጠፋ ነው። የጅራቱ ቅርጽ በመጀመሪያው ድቅል ሊዘበራረቅ ይችላል፤ የድቅል ሴቶቹን ለነባሩ መስመር ሌላ ወንድ ስትሰጥ ይስተካከላል።

ሌላው የወንድ ቁጥር ነው። 1 ወንድ ለ10 ሴት ብታደርግ 11 ዓሣ ያለህ ይመስልሃል፤ በዘር ስሌት ግን 4 እንኳ አይሞሉም። 5 ወንድና 5 ሴት እንደ 10 ይቆጠራሉ። ቦታ ካለህ 3 ገንዳ አድርግ፤ ሴቶቹ ባሉበት ይቆዩ፣ በየትውልዱ ወንዶቹ ብቻ ከ1 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 3፣ ከ3 ወደ 1 ይዙሩ። የተወለዱበትን ቀንና የአባታቸውን ገንዳ በፕላስተር ጽፈህ መስታወቱ ላይ ለጥፍ፤ ከሁለት ወር በኋላ የቱ የማን እንደሆነ በዓይን አትለየውም።