በሬዎቹ ከተሸጡ በኋላ የደከመው ባዮጋዝ

ሐረር ዳርቻ የሚኖሩ አንዲት እናት ጽፈውልኛል። ግቢያቸው ውስጥ 6 ሜትር ኩብ የባዮጋዝ ጉድጓድ፣ ማለትም ከእበት የማብሰያ ጋዝ የሚሠራ ጉድጓድ፣ አለ። ሦስት ዓመት በደንብ ሠርቷል። ከአረፋ በዓል ወዲህ ግን እሳቱ ደከመ። ነበልባሉ ቢጫ ሆነ፣ ከፍ ዝቅ እያለ ይዘላል፣ ወጡ ሳይንተከተክ ይጠፋል። ጠዋት ወጥ ቤቱ ሲከፈት የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ለአረፋ ሁለቱን ሰንጋዎች ሸጠዋል፤ አሁን የቀሩት አንድ ላምና ጥጃዋ ናቸው። እበቱ ሲያንስባቸው የጫት ገራባና የዶሮ ኩስ ይጨምሩበታል። ባለቤታቸው ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ሊጠርገው አስቧል። "ሽታው ሲብስ ማታ ማታ ቧንቧውን ከፍቼ አየር ላይ ልልቀቀው ወይ? ልጄስ ባዮጋዝ ለአየር ንብረት ይጠቅማል ተብለን ተምረናል ይለኛል፤ እውነት ነው?" ይላሉ።

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ባለቤትዎን ያስቁሙልኝ። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ የሚተነፈስ አየር የለም። ያ የእንቁላል ሽታ ያለው ጋዝ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ብሎ የገባ ሰው እዚያው ይወድቃል። እሱን ሊያወጣ የገባውም ይከተለዋል። በመውጫው በኩልም ቢሆን ማንም ጭንቅላቱን እንዳያስገባ። የእርስዎ ችግር ደግሞ ሰው መግባት አያስፈልገውም፤ ከላይ ሆኖ ይስተካከላል።

ጠዋት ሽታ ሲኖር በርና መስኮት ከፍተው ወጥ ቤቱን ያናፍሱ። እስኪናፈስ ክብሪት አይጫር፣ መብራትም አይብራ፣ አይጥፋም።

አሁን ወደ ምርመራው። ጽሑፍዎን ሳነበው ሦስት ችግር አንድ ላይ እንደገጠመዎት ይሰማኛል፤ የምግብ ማነስ፣ ቱቦ ውስጥ የገባ ውሃ፣ የሚያፈስ መገጣጠሚያ። ነበልባሉ ከፍ ዝቅ እያለ መዝለሉ የውሃ ምልክት ነው። ጋዙ ከጉድጓዱ ሲወጣ እርጥብ ነው፤ ቱቦው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ውሃው ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይጠራቀማል። በመስመሩ ላይ ክዳን ያላት ትንሽ ጉድጓድ አለች፤ ውስጧ የውሃ ማፍሰሻ ቧንቧ ያገኛሉ። ቀስ ብለው ይክፈቷት፣ ውሃው አልቆ ጋዝ መምጣት ሲጀምር ወዲያው ይዝጉ። ሐረር ላይ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ በየሳምንቱ ቢያደርጉት ጥሩ ነው። ቢጫው ነበልባል ደግሞ ምድጃው አየር አጥሮታል ማለት ነው። የምድጃውን ቀዳዳዎች በሽቦ ይጥረጉ፣ የአየር ማስገቢያውን ነበልባሉ ሰማያዊ እስኪሆን ትንሽ ትንሽ ይክፈቱ።

ማፍሰሱን ለማወቅ የግፊት መለኪያዋን ይጠቀሙ። የምድጃውን ቧንቧ ዝጉና ግፊቱ ትንሽ ከፍ ሲል ጉድጓዱ አናት ላይ ያለውን ዋና ቫልቭ ዝጉ። ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። መለኪያዋ ከወረደች የሚያፈሰው ከቫልቩ እስከ ወጥ ቤት ባለው መስመር ላይ ነው። ካልወረደች መስመሩ ደህና ነው፤ ወደ ቫልቩና ጋዙ ወደሚጠራቀምበት የጉድጓዱ ጉልላት እንሄዳለን።

ቀጥሎ የኦሞ አረፋ። በሳህን በጥብጠው በጨርቅ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ይቀቡ። ዋናውን ቫልቭ በተለይ ከሥሩ ይቀቡት፤ እዚያ የሚያፈሰው ቫልቩን ቢዘጉትም አይቆምም። እኔ እዚህ ድሬዳዋ ዳር አንድ ቤት ተጠርቼ ያየሁት እስካሁን ከዓይኔ አይጠፋም። ቫልቩን አረፋ ቀባሁት። ምንም የለም። ትንሽ ቆየሁ። ከሥሩ የሽምብራ ፍሬ የምታክል አረፋ አበጠች፣ ፈነዳች፣ እንደገና አበጠች። ቤተሰቡ ስምንት ወር ሙሉ "ጉድጓዱ ሞተ" ብሎ ከሰል እየገዛ ነበር። ጉድጓዱ ግን ደህና ነበር፤ ጋዙ ሌት ተቀን ሰማይ ላይ ይወጣል። የቫልቩን ጥርስ አጽድቼ የቧንቧ ማሸጊያ ቴፍሎን ጠቅልዬ አጠበቅሁት። በማግስቱ ቡና ተፈላበት። የችግሩ ምክንያት ይህን ያህል ትንሽ ነገር መሆኑ ያን ቀን በጣም አሳዘነኝ።

ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ የላስቲክ ቱቦውን ይመልከቱ። ሦስት ዓመት የሠራ ላስቲክ ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል። የጠዋቱ ሽታ ከዚያ ሳይሆን አይቀርም። በአዲስ ይቀይሩት፣ በማጥበቂያ ያጥብቁት። ማታ ሲተኙ ዋናውን ቫልቭ መዝጋት ልማድ ይሁን።

አሁን ምግቡ። የእኛ አገር ሰንጋ ለባዮጋዝ የታደለ ነው። ቤት ታስሮ፣ የማሽላ ቅጠልና አገዳ ተቆርጦለት ስለሚደልብ እበቱ ትኩስ ሆኖ እግሩ ሥር ይገኛል። ሁለት ሰንጋ ሲሸጥ የጉድጓዱ ምግብም አብሮ ይሸጣል። ይህን ጉድጓዱ ሲሠራ ማንም አልነገረዎትም ይሆናል፤ መነገር ነበረበት። ስሌቱ ይኸው፦ አንድ ኪሎ ትኩስ እበት 40 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሰጣል። ቀን ሙሉ የታሰረች ላም 10 ኪሎ ያህል እበት ብትሰጥ 400 ሊትር ነው። ይህ አንድ ምድጃ አንድ ሰዓት ገደማ ያነድዳል። ስለዚህ አሁን ባሉት ከብቶች ሦስት ጊዜ ወጥ መሥራት አይጠብቁ። ጎረቤት እበት የሚጥል ካለ ይለምኑ። የአህያ ፋንድያም ይሠራል።

ገራባውን ግን ያቁሙ። የጫት እንጨት እዚያ ውስጥ በቀላሉ አይበሰብስም። ላይ ተንሳፍፎ ይጋገርና ጋዙ እንዳይወጣ ይከድናል፤ መግቢያውንም ይዘጋል። ፀረ ተባይ የተረጨበት ከሆነ ደግሞ ጋዙን የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች ይጎዳል። የዶሮ ኩስም ሲበዛ ውስጡ አሞኒያ ይጠራቀምና ሥራው ይቆማል። በረኪና ወይም ሳሙና ያለው ውሃም ወደዚያ አይሂድ።

ለማዳን እንዲህ ያድርጉ። በረጅም እንጨት በመግቢያው በኩል በደንብ ያማስሉ፣ የሚወጣውን ገራባ ይልቀሙ። ለአንድ ሳምንት አይመግቡት። ከዚያ ደህና ከሚሠራ የጎረቤት ባዮጋዝ መውጫ አምስት ስድስት ጀሪካን ቀጭን እበት ያምጡና ያስገቡ፤ እንደ እርሾ ነው። ቀጥሎ እበትና ውሃ እኩል በእኩል፣ ጭዱ ተለቅሞ፣ ከትንሽ ጀምረው ይጨምሩ። ውሃውን ፀሐይ ላይ ያሙቁት። ድሬዳዋ ላይ ይህ ብዙም አያስፈልግም፤ የደንገጎን ዳገት ወደ ሐረር ከወጡ በኋላ ግን ብርዱ ሥራውን ያዘገየዋል።

የልጅዎ ጥያቄ። ልጅዎ ልክ ነው፤ ግን ጋዙ ከነደደ ነው። እበት ፀሐይ ላይ ተጠፍጥፎ ኩበት ሲሆን ሚቴን፣ ማለትም ባዮጋዝ ውስጥ ያለውን የሚነድ ጋዝ፣ ብዙም አያወጣም። ሚቴን የሚፈጠረው አየር በሌለበት ነው። ጉድጓዱን የምንሠራው ሆን ብለን ሚቴን እንዲፈጠር ነው። ሚቴን ደግሞ በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል፤ በ20 ዓመት ሲሰላ ከ80 እጥፍ ያልፋል። ከ1,000 ሊትር ባዮጋዝ 600 ያህሉ ሚቴን ነው፣ ክብደቱ 400 ግራም ገደማ። ቢነድ ከአንድ ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። እሱም የማሽላው አገዳ ሲያድግ ከአየር የወሰደው ነው። ሳይነድ ካመለጠ ግን 11 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደመልቀቅ ነው። ስለዚህ ማታ አይልቀቁት። ከተረፈ ውሃ ያፍሉበት፣ ጎረቤት ቡና ያፍላበት።

አገራችን ይህን ሥራ በፖሊሲዋ ይዛዋለች። ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2009 ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂም ደን እንዳይመናመን የማገዶ እንጨት መቀነስን ትልቅ ቦታ ሰጥቶታል። እኔ በዚህ አምናለሁ። ከእበት የሚገኝ ጋዝ የማንንም ማሳ አይሻማም። እ.ኤ.አ. በ2007 ገደማ በምሥራቅ ሐረርጌ ለባዮዲዝል፣ ማለትም ከዘይት ለሚሠራ ነዳጅ፣ ጉሎ እንዲተከልበት የተሰጠው መሬት የባቢሌን የዝሆን መጠለያ ነክቶ ስንት ክርክር አስነሳ! እሱም ባዮኢነርጂ (ከዕፅዋትና ከእንስሳት የሚገኝ ኃይል) ይባላል፣ ይህም ባዮኢነርጂ ይባላል። እኔን የሚከነክነኝ ግን ጉድጓድ ከተሠራ በኋላ ያለው ነው። ስንት ተሠራ ተብሎ ይቆጠራል። ከሦስት ዓመት በኋላ ስንቱ ይነድዳል፣ ስንቱስ ያፈሳል ብሎ በየቤቱ የሚዞር ባለሙያ በበጀት መያዝ አለበት። አንድ ቫልቭ ማጥበቅ የአየር ንብረት ሥራ ነው።

እንጀራው በዚህ ምድጃ እንደማይሆን ያውቁታል። ለእሱ «ምርጥ» የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ቢኖርዎት ከሦስት ጉልቻ አንጻር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንስልዎታል። ከመውጫው የሚወጣውን ቀጭን እበት ደግሞ አይድፉት፤ ለማሽላውም ለጎመኑም ጥሩ ማዳበሪያ ነው።

ከ40 ቀን በኋላ የመለኪያዋን ቁጥር ጠዋት፣ ምድጃ ከመለኮስዎ በፊት፣ አይተው ይጻፉልኝ። መስመሩ ሳያፈስ፣ በደንብ እየመገቡትም ካልወጣች ጉልላቱ ራሱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ባለሙያ ሊያየው ይገባል።