ከበሮ መቺው ተማሪ ከሳቢያን

አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር ጽፎልኛል። በሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ይመታል። ስልኩ ላይ አንዲት ሴት ማሪምባ፣ ማለትም የእንጨት ቁልፎቹ በዱላ የሚመቱ መሣሪያ፣ ስትጫወት አይቶ ልቡ እዚያው ቀረ። «ለእንዲህ ያለ መሣሪያ ሙዚቃ መድረስ፣ ራሴም መጫወት እፈልጋለሁ። አባቴ ኢንጂነሪንግ ግባ ይላል። ይሄ ነገር እንጀራ ይሆናል?» ይላል።

ወንድሜ፣ ይሆናል። ግን ከአንድ ምጣድ አይወጣም። በዚህ ሙያ የሚኖሩ ሰዎች ድርሰት በትእዛዝ ይጽፋሉ፣ ኮንሰርት ይጫወታሉ፣ ያስተምራሉ፣ ለፊልም ይሠራሉ። መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሌላ ሥራ መያዝ ይመጣል። አሜሪካዊው ስቲቭ ራይክ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የሙዚቃ ደራሲ ነው። ታክሲ ነድቷል፤ ከሌላው ደራሲ ከፊሊፕ ግላስ ጋር ሆኖ የሰው ዕቃ አጓጉዟል። አባትህ የፈሩት ነገር እውነት አለው ማለት ነው።

ራይክ ከበሮ ሊማር በ1970 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጋና ሄደ። በዓመቱ ለከበሮዎች፣ ለማሪምባዎችና ለሌሎች ምት መሣሪያዎች አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ሥራ ጨረሰ። እሱ ከበሮ ፍለጋ ውቅያኖስ ተሻገረ። ያንተ ከበሮ አንገትህ ላይ ነው።

አሁን የሚያስፈልግህ ኖታ ነው። ማሪምባው ይቆይ። አንድ ወረብ በስልክህ ቅዳ። ወረቀት ላይ ሁለት መስመር አስምር። ላይኛው ለከበሮው ጠባብ አፍ፣ ታችኛው ለሰፊው ይሁን። ምቱ የት ላይ መፍጠን እንደሚጀምር፣ ጸናጽሉ የት ከከበሮው ጋር እንደሚገጥም ጻፍ። መጀመሪያ ያናድድሃል። ጆሮህ አብጠርጥሮ የሚያውቀውን እጅህ መጻፍ ያቅተዋል። አንድ ገጽ ስትጨርስ ወረቡን ለማያውቅ፣ ኖታ ለሚያነብ ሰው ስጠውና ይምታው። እሱ የሳተበትን ቦታ ምልክት አድርግ፤ አንተ በትክክል ያልጻፍከው እዚያ ነው። ይህን ደጋግመህ ከሠራህ ድርሰት ጀመርክ ማለት ነው።

ከዚያ ሠርግ ቤት ግባ። የሽጎዬ ጭፈራውን እግርና ጭብጨባ፣ የሶማሌዎቹን የዳንቶ ጭፈራ አዳምጥ። ሐረር ስትወጣ ዝክር ላይ ከከበሮው ጋር የሚጋጩትን እንጨቶች ስማ። የሰው ጸሎት ነውና ከመቅዳትህ በፊት ፈቃድ ጠይቅ። ይህን ሁሉ ምት በአንድ ከተማ ዙሪያ የሚያገኝ ተማሪ ብዙ አይደለም፤ እኔ በዚህ በጣም እቀናብሃለሁ።

የማሪምባ አሰላለፍ የፒያኖ ነው። ስለዚህ ኪቦርድ ተማር። ድሬ ላይ የኪቦርድ ተጫዋች አይጠፋም፤ የሆቴል ባንዶቹን ጠጋ ብለህ ጠይቅ። ሙዝስኮር የሚባለው የኖታ መጻፊያ በነጻ ይወርዳል። ለእጅህ ደግሞ የጎማ ቁራጭ ሰሌዳ ላይ ለጥፈህ በቀን ግማሽ ሰዓት ምት ከሚቆጥረው ሜትሮኖም ጋር ምታ።

ትምህርቱን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ራሳቸው ደራሲ ነበሩ። ከማመልከትህ በፊት ደውለህ ሁለት ነገር ጠይቅ፦ ዘንድሮ ፐርከሽን፣ ማለትም ምት መሣሪያ፣ የሚያስተምረው ማነው? ምን ምን መሣሪያስ አለ?

አንድ ነገር ልንገርህ። ከዓመታት በፊት እንዳንተ ያለ ልጅ መጥቶ «መጀመሪያ ሌላ ዲግሪ ያዝ፣ ሙዚቃው ይደርሳል» ብዬ ሸኘሁት። ልጁ ዱላውን አስቀመጠ፤ አላነሳውም። ያን ምክር ለማንም አልደግመውም።

ለአባትህ ስለ ሙላቱ አስታጥቄ ንገራቸው። ቫይብራፎን (የማሪምባ የብረት ዘመድ) እና ኮንጋ ከበሮ የሚጫወቱት፣ ኢትዮ ጃዝን ያመጡት ናቸው። ቤተሰባቸው ወደ ዌልስ የላካቸው ኢንጂነሪንግ እንዲማሩ ነበር። አባትህ ከፈቀዱ ደግሞ ይዘሃቸው ና። ያን የወረብ ገጽም አምጣው። የሙዚቃ ትምህርቱን ወጪ ሦስታችን ቁጭ ብለን እንሠራዋለን።