የኢሜይል ማጣሪያው ምኑን ይመልስ፣ ምኑን ይያዝ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መቶ ለሚሆኑ ሠራተኞች የኢሜይል ሰርቨር አስተዳድራለሁ። ክላምኤቪን (ነጻውን የቫይረስ ፈታሽ) ስጭን ጥበቃው ጠንከር እንዲል ብዬ ፊሺንግን (በሐሰተኛ ደብዳቤ ማጭበርበርን) የሚመለከቱትን አማራጮች በሙሉ «አዎ» አልኳቸው። አሁን የባንክ መግለጫና ሰዎች ራሳቸው የተመዘገቡበት የዜና ደብዳቤ ሳይቀር እየታገደ ይመለሳል። ሁሉንም ላጥፋቸው?

መልስ፦ አያጥፏቸው፤ ሁለቱን ብቻ ወደነበሩበት ይመልሱ። ክላምኤቪ ፊሺንግን የሚፈልገው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ሲግኔቸር ነው፦ ከዚህ በፊት ተገኝቶ የተመዘገበ የማጭበርበሪያ ደብዳቤ ሲመጣ ያውቀዋል። ይህ እምብዛም አይሳሳትም፤ እንደበራ ይቆይ። ሁለተኛው ግምት ነው። በደብዳቤው ላይ ለዓይን የሚታየውን አድራሻ ሊንኩ ሲጫኑት በእርግጥ ከሚወስድበት አድራሻ ጋር ያስተያያል፤ ካልተጣጣሙ ይጠረጥራል።

ግምቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ድርጅቶች ደብዳቤያቸውን የሚያስልኩት በጅምላ ላኪ ኩባንያዎች በኩል ነው። ላኪው ኩባንያ ደግሞ ስንት ሰው ሊንኩን እንደተጫነ ለመቁጠር ሊንኩን በራሱ ዶሜይን በኩል ያዞረዋል። ስለዚህ የሚታየው አንድ፣ የሚወስደው ሌላ ይሆናል፤ ከአጭበርባሪው ሥራ በቅርጹ አይለይም። በዲፎልት (ሴቲንጉን ማንም ካልነካው) ይህ ማስተያየት የሚሠራው በክላምኤቪ ዝርዝር ውስጥ ላሉ፣ አጭበርባሪዎች አዘውትረው ለሚመስሏቸው ዶሜይኖች ብቻ ስለሆነ ጉዳቱ የተወሰነ ነው። እርስዎ ካበሯቸው ውስጥ የኤስኤስኤል አለመጣጣምን (የሚታየው አድራሻ የተመሰጠረ፣ የሚወስደው ያልተመሰጠረ ሲሆን) የሚያግደውና የተሸፈነ አድራሻን የሚያግደው አማራጮች ግን ዶሜይኑ በዝርዝሩ ባይኖርም ያግዳሉ። ሁለቱ በዲፎልት የጠፉ ናቸው፤ እንደጠፉ ይቆዩ።

የቀረውን ግምት ደብዳቤ መመለሻ አያድርጉት፤ ነጥብ ይስጡት። ሎጉን (የሥራ መዝገቡን) ሲያዩ በግምት የተያዘ ደብዳቤ ስያሜው «ሂዩሪስቲክስ» በሚል ቃል ይጀምራል። ፈታሹን ከኢሜይል ሰርቨሩ ጋር የሚያገናኙት አማቪስም ሆነ አርስፓምዲ ይህን ስያሜ ለይተው ወደ ስፓም ነጥብ እንዲቀይሩት ማዘዝ ይቻላል። ደብዳቤን በነጥብ በሚመዝነው በስፓምአሳሲን መደበኛው ገደብ 5 ነጥብ ነው፤ ለግምቱ 2 ወይም 3 ቢሰጡት ብቻውን ደብዳቤ አይጥልም፣ ሌላ ጥርጣሬ ሲታከልበት ግን ይጥላል።

ይህን ካደረጉ አንድ ነገር አደራ። «ግምት ይቅደም» የሚለው አማራጭ መጥፋቱን ያረጋግጡ። ሲበራ ፈታሹ መጀመሪያ ባገኘው ጥርጣሬ ላይ ፍተሻውን ያቆማል። አንድ ደብዳቤ አጠራጣሪ ሊንክም እውነተኛ ቫይረስም ይዞ ቢመጣ «ሂዩሪስቲክስ» የሚለው ብቻ ይመዘገብና ቫይረሱ 2 ነጥብ ተሰጥቶት ያልፋል። ሲጠፋ ግን እስከ መጨረሻው ይፈትሽና የቫይረሱን ስም ያመጣል። የአማራጩ መግለጫ ሲበራ የፕሮሰሰር ጊዜ እንደሚቆጥብ ስለሚናገር ብዙዎች ሳያመዛዝኑ ያበሩታል።

ጥያቄ፦ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ዚፕና ማክሮ (ፋይሉ ውስጥ የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም) ያለበት የኤክሴል ፋይል ይታገድ ወይስ ይለፍ? የሂሳብ ክፍላችን ሁለቱንም በየቀኑ ይቀበላል።

መልስ፦ ማቆያ ውስጥ ይያዝ፤ ማለትም ሰው እስኪያየው ለብቻው ይቀመጥ። የተቆለፈ ዚፕ ፈታሹ ሊከፍተው ስለማይችል ክላምኤቪ በዲፎልት ያሳልፈዋል። አጭበርባሪዎች የይለፍ ቃሉን እዚያው ደብዳቤው ላይ ጽፈው የሚልኩትም ለዚህ ነው። ሆኖም በተራ ዚፕ ይዘቱ ቢቆለፍም የፋይሎቹ ስም ይነበባል። ስለዚህ ስሙ በኢኤክስኢ፣ በጄኤስ፣ በቪቢኤስ፣ በኤልኤንኬ ወይም በአይኤስኦ የሚያልቅ ፋይል በውስጡ ከታየ ያለ ማመንታት ይመለስ። ሰቨንዚፕና ራር ስሙንም መሸፈን ይችላሉ፤ ስሙ የተሸፈነ ሁሉ ወደ ማቆያ ይሂድ።

ማይክሮሶፍት ከኢንተርኔት የመጣ ፋይል ላይ ማክሮን በዲፎልት መዝጋት የጀመረው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ አጥቂዎች ወደ አይኤስኦና ኤልኤንኬ በብዛት ስለዞሩ የድሮውን የእገዳ ዝርዝር እንዳለ ማቆየት አይበቃም።

ለሂሳብ ክፍሉ ዘወትር የሚልኩ ድርጅቶችን ከማቆያው ነጻ ማድረግ ይቻላል፤ ግን በላኪው አድራሻ ብቻ አይሁን፤ አድራሻውን ማንም መጻፍ ይችላል። የዲኪም ፊርማው (ደብዳቤው በእርግጥ ከዚያ ዶሜይን መላኩን የሚያሳየው ዲጂታል ፊርማ) ትክክል መሆኑ ይታከልበት። ማቆያውን በቀን ሁለት ጊዜ የሚያየው ሰው ደግሞ በስም ይመደብ። የሚያየው ከሌለ ደብዳቤው ጠፋ ማለት ነው፤ ላኪው ደርሷል ብሎ ያስባል፣ ተቀባዩ መላኩንም አያውቅም። እንዲህ ከሚሆን ተመልሶ ላኪው ቢያውቀው ይሻላል።

ጥያቄ፦ የፍተሻ መጠን ገደቡ ስንት ይሁን?

መልስ፦ ሰርቨርዎ ከሚቀበለው ትልቁ ደብዳቤ በላይ። በቅርብ ጊዜ እትሞች የክላምኤቪ ዲፎልት ለአንድ ፋይል 100 ሜጋባይት፣ ለጠቅላላው ፍተሻ 400 ሜጋባይት ስለሆነ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ችግር የሚፈጥረው ከፊቱ ያለው አቀባይ ፕሮግራም ነው፤ የራሱ ገደብ አለው፣ ከዚያ በላይ የሆነውን ለፈታሹ ሳያሳይ ሊያሳልፈው ይችላል። አባሪ ፋይል ለጉዞ ሲቀየር መጠኑ ከሲሶ በላይ እንደሚያብጥም አይርሱ፦ 18 ሜጋባይት የነበረው ወደ 25 ይጠጋል።

ጥያቄ፦ ፈታሹ ሲሞት ደብዳቤው ሳይፈተሽ ይለፍ?

መልስ፦ አይለፍ፣ ግን ለዘለቄታውም አይመለስ። በ4 የሚጀምር ጊዜያዊ የኤስኤምቲፒ (ሰርቨሮች ደብዳቤ የሚቀባበሉበት ደንብ) ስህተት ይስጡ። የላኪው ሰርቨር ደብዳቤውን ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል፤ በደንቡ ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ቀን መሞከር ይኖርበታል። እርስዎ እስኪያስተካክሉ ምንም አይጠፋም።

ፈታሹ ሲሞት አንዱ የተለመደ ምክንያት ራም ነው። የሲግኔቸር መረጃው ብቻውን ከ1 ጊጋባይት በላይ ይይዛል፤ አዲሱ ሲጫን አሮጌው እስኪለቀቅ ድረስ ሁለቱም ራም ላይ ይቀመጣሉ። 2 ጊጋባይት ያለው ሰርቨር በዚያች ቅጽበት ሊወድቅ ይችላል። 4 ጊጋባይት ይመድቡለት፤ ካልተቻለ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስጭነውን አማራጭ ያጥፉ፤ ያኔ ጭነቱ እስኪያልቅ ፍተሻው ለጥቂት ጊዜ ይቆማል። አዲስ ሲግኔቸር መኖሩ በዲፎልት በየ2 ሰዓቱ፣ በቀን 12 ጊዜ ይጠየቃል፤ ይበቃል። በየደቂቃው ቢጠይቁ የማውረጃ ሰርቨሩ ለጊዜው ሊያግድዎ ይችላል።

ጥያቄ፦ ቫይረስ ለላከ ሰው ማስጠንቀቂያ ይላክለት?

መልስ፦ በፍጹም። የላኪው አድራሻ ብዙ ጊዜ የተሰረቀ ስለሆነ ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ምንም ላልሠራ ሰው ነው፤ ሰርቨርዎም ስፓም አሰራጭ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ደብዳቤውን ተቀብሎ ኋላ ከመመለስ ይልቅ ግንኙነቱ ሳይዘጋ፣ እዚያው በር ላይ ይመልሱት።

ሴቲንጉን ሲጨርሱ በአይካር የሙከራ ፋይል ይፈትኑት። 68 ፊደል ያለው፣ ጉዳት የሌለው ጽሑፍ ነው። ከውጭ አድራሻ ሦስት ጊዜ ይላኩ፦ እንዳለ፣ በዚፕ፣ በተቆለፈ ዚፕ። ሁለቱ በር ላይ መመለስ፣ ሦስተኛው ማቆያ ውስጥ መገኘት አለበት። ሦስተኛው የተጠቃሚው ሳጥን ውስጥ ከገባ የተቆለፈ ፋይልን የሚመለከተው ሴቲንግ አልሠራም ማለት ነው፤ ፕሮግራሙን አስነሥተው እንደገና ይላኩት።