ለሁለት ሰው የተሠራ ጨዋታ ለሦስት ሲሆን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። እኔና ባለቤቴ ፓችወርክ የሚባለውን የጨርቅ ቁርጥራጭ መገጣጠሚያ ጨዋታ በጣም እንወዳለን። ግን ለሁለት ሰው ብቻ ነው። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ከጎናችን ቁጭ ብላ ታያለች፤ ትንሽ ቆይታ ታኮርፋለች። ሰሞኑን በእርሳስ እየሣሉ የሚጫወቱትን ፓችወርክ ዱድልን አየሁ። ያው ጨዋታ ነው? ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው?
ሦስት የሆንነው

መልስ፦ እህቴ፣ ያው አይደለም። በእናንተ ቤት ብሆን ግን እገዛዋለሁ።

ሁለቱም የጀርመናዊው የኡቬ ሮዘንበርግ ሥራ ናቸው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ፣ ዱድል በ2019። ሜዳው አንድ ነው፤ 9 በ9፣ በድምሩ 81 ካሬ። በዱድል ግን ቁራጩን በእጅ አታነሺም። ካርዶች በክብ ይደረደራሉ። በክቡ ላይ የምትዞር የጥንቸል ጠጠር አለች፤ ዳይሱ ባለው ልክ ትሄዳለች። ያረፈችበትን ካርድ ቅርጽ ሁሉም በየወረቀቱ ላይ ይሥላል። በአንድ ዙር ስድስት ካርድ፣ ሦስት ዙር፣ አለቀ። ከአንድ እስከ ስድስት ሰው ይጫወተዋል። ተራ መጠበቅ የለም፤ ለልጅሽ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

የሚቀርባችሁም አለ። በዋናው ጨዋታ ቁራጭ የሚወሰደው በቁልፍና በጊዜ ተከፍሎ ነው፤ ቁልፍ ማለት የልብስ ቁልፍ የሚመስለው የጨዋታው ገንዘብ ነው። ባልሽ ያሰበውን ቁራጭ ቀድመሽ ስትወስጂበት ያለው ደስታ ዱድል ላይ የለም። ማንም ከማንም አይነጥቅም። ለሁለታችሁ ብቻ ቢሆን ይቀልባችኋል ብዬ እሰጋለሁ።

እኔ የወደድኩት ከእናቴና ከስምንት ዓመት የእህቴ ልጅ ጋር ስጫወት ነው። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበረች። ቁርጥራጭ ጨርቅ አትጥልም ነበር፤ ድሪቶ ትሠራበታለች። ወረቀቱን እንደ ጨርቅ አየችው። ከአንድ ጥግ ጀምራ እያስጠጋች ሞላች። ልጁ ደግሞ ደስ ያለው ቦታ ሁሉ ሣለ። ዙሩ ሲያልቅ ዋናው ነጥብ የሚመጣው ባዶ ቀዳዳ ሳይተዉ ከሞሉት ትልቁ ካሬ ነው። የእሷ 4 በ4 ሆኖ 16 አመጣ። የእሱ 2 በ2፣ አራት ብቻ። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርጎ በጣቱ እየተከተለ አያቸው። «ቅርጹ እኮ አንድ ነው!» አለ። መነሻቸው ብቻ ነበር የተለያየው፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን መነሻ ቅርጽ ይዞ ነው የሚጀምረው። በሁለተኛው ዙር ማንም ሳይነግረው ማስጠጋት ጀመረ።

ለልጅሽ መቀሱን ቶሎ እንዳትጠቀምበት ንገሪያት። መቀስ ማለት ቅርጹን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ብቻ መሣል ነው። መጨረሻ ላይ፣ ቦታ ሲጠብ ነው የሚያስፈልጋት። ለየዙሩ የተለያየ ቀለም እርሳስ ስጫት፤ የት እንደሞላች በደንብ ይታያታል። ካርዶቹ ላይ ቅርጽ እንጂ ጽሑፍ ስለሌለ ሕጉን በአማርኛ አስረድታችሁ መጫወት ትችላላችሁ። ወረቀቱ እንዳያልቅባችሁ ለየሰዉ አንድ አንድ ወረቀት ፕላስቲክ ውስጥ ክተቺና በሚጠፋ ማርከር ሣሉበት። እኛ እንደዚያ ነው የምናደርገው።

የድሮውን ሣጥን ግን ለሰው እንዳትሰጪ። ልጅቷ ስትተኛ ሁለታችሁ ቁልፋችሁን ትቆጥራላችሁ።